የኪሮሽ ሥራን አዲስ ረድፍ ያለ ሰንሰለት መጀመር

የኪሮሽ ሥራ እጄ ሲገባ ቀድሜ የማየው የተጀመረበትን ቦታ ነው። አበባው፣ የቀለሙ ምርጫና የጠርዙ ጌጥ በኋላ ይደርሳሉ። ይህን ያስለመደችኝ አክስቴ ናት። ከብዙ ዓመታት በፊት ለረከቦት የሚሆን ክብ ዳንቴል በነጭና በአረንጓዴ ክር ሠርቼ ወሰድኩላት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያም ከመሃሉ ተነሥቶ እስከ ዳር እንደ ጠባሳ የሚወርደውን መስመር በአውራ ጣቷ ተከተለችና፣ «ሥራሽ ያምራል፤ ይህ መንገድ ግን ወዴት ነው የሚወስደው?» አለችኝ።

መንገዱ የእያንዳንዱ ዙር መነሻ ነበር። አብዛኛው መመሪያ አዲስ ክር ሲጀመር በማያያዣ ስፌት (የተሳበው ክር ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበትም ወዲያው በሚያልፍበት ቁመት አልባ ስፌት) ያዙት፣ ከዚያ ሦስት ሰንሰለት ሥሩ፣ ሰንሰለቱም እንደ መጀመሪያው ረጅም ስፌት ይቆጠራል ይላል። ቁመቱ እርግጥ ይደርሳል። ነገር ግን ሰንሰለት ቀጭን ነው፤ ረጅም ስፌት ደግሞ ክሩ ተጠማዝዞና ተደራርቦ የቆመበት ምሰሶ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሰንሰለቱ ወደ አንድ ወገን ይዘማል፣ አጠገቡም ሽንቁር ይከፈታል። ይህ በአንድ ዙር ላይ ብቻ ቢሆን ማንም አያስተውለውም። በ10 ዙር ላይ ሲደጋገም ግን መስመር ይሆናል፤ ቀለሙ በየዙሩ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ከሩቅ ይታያል።

መፍትሔው ሰንሰለቱን ጨርሶ ትቶ የመጀመሪያውን ስፌት እንደ ሌሎቹ ሙሉ ስፌት አድርጎ መሥራት ነው። በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ስታንዲንግ ስቲች ይባላል። እኔ ቋሚ ስፌት እለዋለሁ፤ ከሥራው ጋር አስቀድሞ ሳይያያዝ በኪሮሹ ላይ ካለው ክር ብቻ ተነሥቶ የሚቆም ስለሆነ ነው። ለመልመድ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ቃላቱን እንስማማባቸው

የስፌቶቹ ስም ከቤት ቤት ይለያያል። እዚህ አጭር ስፌት የምለው ክሩ ተስቦ ከወጣ በኋላ ሁለቱ ቀለበቶች በአንድ ጊዜ የሚዘጉበትን ነው። መካከለኛ ስፌት አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ ሦስቱ ቀለበቶች በአንድ ጊዜ የሚዘጉበት ነው። ረጅም ስፌት ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ ሁለት ሁለት እየተደረገ በሁለት ደረጃ የሚዘጋው ነው። በውጭ አገር መመሪያ ለምትሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ አሜሪካኖች ሲንግል ክሮሼ የሚሉት አጭሩ ስፌት በብሪታንያ ደብል ክሮሼ ይባላል፤ የአሜሪካኖቹ ደብል፣ ማለትም የእኛ ረጅም ስፌት፣ በብሪታንያ ትሬብል ነው። መመሪያው የየትኛው አገር እንደሆነ ሳያጣሩ የጀመሩ ሰዎች ግማሽ የአልጋ ልብስ ሲተረትሩ አይቻለሁ።

የስፌት አናት የምለው ከላይ ሲታይ እንደ ሰንሰለት የተኛውን፣ ሁለት የክር መስመር ያለውን ጫፍ ነው። ጭራ ደግሞ ሲጀመርና ሲያልቅ የሚተርፈው የክር ጫፍ ነው።

ለመለማመድ ቀጭን የዳንቴል ክር አትያዙ። መካከለኛ ውፍረት ያለው የሱፍ ወይም የአክሪሊክ ክር በሁለት ጎላ ያሉ ቀለሞች፣ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ መቀስ፣ ጫፉ ዱልዱም የሆነ ትልቅ መርፌ ይበቃል። በአንዱ ቀለም 20 ስፌት ስፋት ያለው ቁራጭ አራት አምስት ረድፍ በአጭር ስፌት ሥሩና ክሩን ቆርጣችሁ ዝጉት። ልምምዱ የሚሠራው በዚህ ላይ ነው። መመሪያው በቀኝ እጅ ለሚሠሩ ነው፤ በግራ እጅ የምትሠሩ ቀኝ ያልኩትን ግራ፣ ግራ ያልኩትን ቀኝ አድርጉት።

በአጭሩ ስፌት መጀመር

ይህ ቀላሉ ነው፤ እጃችሁ ሐሳቡን እንዲይዝ ከእርሱ ጀምሩ። በአዲሱ ክር ሸምቀቆ ሠርታችሁ ኪሮሹ ላይ አስገቡ፤ ጭራው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቁራጩን ደህናው ፊቱ ወደ እናንተ እንዲሆን ያዙና ኪሮሹን በቀኝ በኩል ባለው የመጀመሪያ ስፌት አናት፣ ከሁለቱም የክር መስመሮች ሥር፣ ከፊት ወደ ኋላ አስገቡ። ከኋላ ክሩን ይዛችሁ ወደ ፊት ሳቡ። አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ፤ አንደኛው ሸምቀቆው ነው። ክሩን እንደገና ጠምጥማችሁ በሁለቱም ውስጥ አሳልፉ። አለቀ። ቀጣዩን ስፌት በቀጣዩ አናት ላይ እንደተለመደው ቀጥሉ።

ሸምቀቆው የተለመደውን የኪሮሽ ቀለበት ቦታ ተክቶ እንደሠራ አስተውሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የዚህ ሐሳብ ማራዘሚያ ነው።

ረጅሙ ስፌት

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከሥራው ጋር ያልተያያዘ ክር በኪሮሹ ላይ ሲጠመጠም ይሽከረከራል። ጥምጥሙ ይፈታል፣ ሸምቀቆው ይዞራል፣ ሦስት ጊዜ ይሞከርና ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳሉ። ጠቋሚ ጣት ሥራ ከያዘ ግን ይህ ችግር አይኖርም።

1. ሸምቀቆውን ኪሮሹ ላይ አስገቡ። በኪሮሹ አንገት ላይ እንዲንሸራተት ተዉት፣ ነገር ግን እስኪንጠለጠል አታላሉት። ቋጠሮው ከኪሮሹ ጀርባ ይሁን።

2. ረጅም ስፌት ስትሠሩ እንደምታደርጉት ክሩን አንድ ጊዜ ጠምጥሙ። ወዲያው የቀኝ እጃችሁን ጠቋሚ ጣት ከላይ አምጥታችሁ ሸምቀቆውንና ጥምጥሙን አንድ ላይ ኪሮሹ ላይ ተጫኑ። ጣቱ እስከ አራተኛው እርምጃ ድረስ አይነሣም።

3. ኪሮሹን በስፌቱ አናት ከፊት ወደ ኋላ አስገቡ።

4. ክሩን ከኋላ ይዛችሁ ወደ ፊት ሳቡ። ሦስት ቀለበቶች አሉ። አሁን የሳባችሁትን ቀለበት ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አድርጉት፤ የምሰሶው ቁመት የሚወሰነው እዚህ ስለሆነ አትስነፉበት። ጣታችሁን ማንሣት ትችላላችሁ።

5. ጠምጥሙና በሁለቱ ቀለበቶች አሳልፉ። ሁለት ይቀራሉ።

6. ጠምጥሙና በቀሩት ሁለት አሳልፉ።

አሁን ጭራውን ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ሳቡና ስፌቱን ተመልከቱት። አጠገቡ ሌላ ረጅም ስፌት ሥሩና አስተያዩአቸው፤ ውፍረታቸው አንድ ነው፣ መሃላቸውም ሽንቁር የለም። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ካጠረ በአራተኛው እርምጃ ቀለበቱ በቂ ከፍ አላለም ማለት ነው። አናቱ ላይ ላላ ያለ ቀለበት ከተንጠለጠለ ሸምቀቆው ሰፊ ነበር፤ ጭራውን በመሳብ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ተርትራችሁ ድገሙት፤ የሚተረተረው አንድ ስፌት ነው።

መካከለኛው ስፌት እስከ አራተኛው እርምጃ ከዚሁ ጋር አንድ ነው፤ ከዚያ ሦስቱን ቀለበቶች በአንድ ጊዜ ትዘጋላችሁ። ከረጅሙም የሚረዝመውን ሁለት ጥምጥም ያለውን ስፌት ለምትሠሩ ሸምቀቆውን ካስገባችሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙና ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ሦስት ጊዜ ዝጉ።

ቋጠሮ ለሚጠሉ

ቀጭን የጥጥ ክር ላይ ሸምቀቆው እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ጉጥ ሆኖ ይቀራል፤ በጣት ይዳሰሳል፣ ከታጠበና ከተተኮሰ በኋላ እንዲያውም ይብሳል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ሸምቀቆውን ትቼ በባዶ ክር እጀምራለሁ፤ ለዳንቴል ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

የክሩን ጭራ በቀኝ እጅ ከኪሮሹ እጀታ ጋር ጨብጣችሁ ያዙ። ሸምቀቆውንና ጥምጥሙን የሚተካ ያህል ክሩን ኪሮሹ ላይ ጠምጥሙ፤ ለአጭር ስፌት አንድ ጊዜ፣ ለመካከለኛና ለረጅም ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ለሚረዝመው ሦስት ጊዜ። ጠቋሚ ጣቱን ተጭናችሁ ወደ ስፌቱ አስገቡ፣ ክሩን ሳቡ፣ እንደተለመደው ዝጉ። ቋጠሮ ስለሌለ የመጀመሪያው ጥምጥም ጭራው ከተለቀቀ ይፈታል። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ስፌት እስክትሠሩ ድረስ ጭራውን ከእጃችሁ አታውጡት፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ራሱ ይይዘዋል። መጨረሻ ላይ በመርፌ ስትደብቁት ደግሞ ለዘለቄታው ይጠነክራል።

የዳንቴል ክር ስትገዙ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ እንደሚቀጥን አትርሱ፤ 20 ቁጥር ከ10 ቁጥር ይቀጥናል። ይህን ዘዴ በ10 ቁጥር ሳትለምዱ ወደ ቀጭኑ አትሂዱ፤ ዓይንም እጅም ይደክማል።

መመሪያው ሰንሰለት ሲል ምን ልሥራ?

መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የተጻፉት ለሰንሰለት አጀማመር ስለሆነ ወደ ቋሚ ስፌት ስትለውጡ ቆጠራው እንዳይዛባ ተጠንቀቁ። «ሦስት ሰንሰለት፣ እንደ አንድ ረጅም ስፌት ይቆጠራል» ካለ አንድ ቋሚ ረጅም ስፌት ተኩበት፤ በዚያው ቦታ ሌላ አትጨምሩ። «ሦስት ሰንሰለት፣ በዚያው ክፍተት ሁለት ረጅም ስፌት» ካለ አንድ ቋሚና ሁለት ተራ ረጅም ስፌት፣ በድምሩ ሦስት ይሆናል። «አምስት ሰንሰለት» ብሎ ከረጅም ስፌትና ከሁለት ሰንሰለት ጋር እኩል ይቆጠራል ካለ ቋሚውን ሠርታችሁ ሁለት ሰንሰለት አስከትሉ።

የሚያሳስተው አጭሩ ስፌት ነው። «አንድ ሰንሰለት፣ በዚያው ስፌት ላይ አንድ አጭር ስፌት» በሚለው ውስጥ ሰንሰለቱ እንደ ስፌት አይቆጠርም። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ቋሚ አጭር ስፌት ትተካላችሁ። ሰንሰለቱን በቋሚ ስፌት ተክቶ አጭሩን ስፌት የደገመ ሰው በየረድፉ አንድ ስፌት ይጨምራል፤ ሥራውም ቀስ በቀስ እንደ ማራገቢያ ይሰፋል።

ዙሩን መዝጋት

አጀማመሩ ቢያምር አዘጋጉ ካስቀየመው ልፋቱ ባከነ። ሁለት መንገድ አለ። ፈጣኑ ከመጨረሻው ስፌት በኋላ በቋሚው ስፌት አናት ላይ የማያያዣ ስፌት መሥራት ነው። ቋሚ ስፌት ግልጽ አናት ስላለው ቦታው ወዲያው ይገኛል፤ ሦስተኛው ሰንሰለት የቱ ነው ብሎ መፈለግ ቀረ። ሆኖም የማያያዣው ስፌት ራሱ ትንሽ እብጠት ይተዋል።

ቀለም በየዙሩ የምትለውጡ ከሆነ፣ ክሩ መቆረጡ ስለማይቀር፣ በመርፌ ዝጉት። የመጨረሻውን ስፌት ስትጨርሱ ክሩን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡና ኪሮሹ ላይ ያለውን ቀለበት ወደ ላይ እየሳባችሁ ጫፉ ጨርሶ እንዲወጣ አድርጉ። ጫፉን በዱልዱሙ መርፌ ሰኩ። የሸምቀቆውን ቀለበት ዝለሉትና፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ስፌት መካከል በተኛው አናት፣ ከሁለቱም መስመሮች ሥር፣ መርፌውን ከፊት ወደ ኋላ አሳልፉ። ከዚያ ክሩ ወደ ወጣበት ወደ መጨረሻው ስፌት ተመልሳችሁ ከላይ መሃሉን ወግታችሁ በጀርባ አውጡት። ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ክሩ ከሌሎቹ አናቶች ጋር እኩል ሲሆን አቁሙ። አጥብቃችሁ ከሳባችሁት ይሸበሸባል፣ ካላላችሁትም ይንጠለጠላል። የተሠራው አዲስ አናት የሸምቀቆውን ቀለበት ይሸፍነዋል፤ ዙሩም የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ ለማወቅ ጀርባውን መገልበጥ ያስፈልጋል።

አናቶቹን ቁጠሩ። መሃሉ ላይ 12 ረጅም ስፌት የሠራችሁበት ክብ 12 አናት፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት የሠራችሁበት ሁለተኛው ዙር 24፣ ሦስተኛው 36 ሊኖረው ይገባል። አንድ ከተረፈ መርፌው መዘለል በነበረበት በሸምቀቆው ቀለበት ውስጥ ገብቷል፤ አንድ ከጎደለም አንድ አናት አልፋችሁ ወግታችኋል።

የት እንጀምር?

ያልተቆረጠ ክር የግድ ካለፈው ዙር መዝጊያ ላይ ሲያስጀምር፣ ቋሚ ስፌት ከፈለጋችሁበት ቦታ ያስነሣችኋል። ይህን ነጻነት ተጠቀሙበት። በክብ ሥራ ላይ እያንዳንዱን አዲስ ቀለም ካለፈው መነሻ ራቅ አድርጋችሁ፣ ሲሆን በተቃራኒው ወገን ጀምሩ። ጭራዎቹ በአንድ ቦታ ተከማችተው እንዳያወፍሩ ያደርጋል፤ የቀረች ጥቂት ጉድለት ብትኖርም መስመር አትሠራም። በአራት ማዕዘን ሥራ ላይ መመሪያው ሁልጊዜ ከማዕዘን ጀምሩ ቢልም እኔ ከጎኑ መሃል መጀመርን እመርጣለሁ። ማዕዘን ስፌት የሚበዛበትና ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ጭራውን የመደበቅ ሥራ ማንም የማይወደው ቢሆንም አትዝለሉት። በጀርባ በኩል፣ በራሱ ቀለም ስፌቶች ሥር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ውሰዱት፤ አንድ የክር መስመር ዘልላችሁ በመጣበት መልሱት፤ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት። ጥጥ ስለሚንሸራተት ሦስቱም ጉዞ ያስፈልገዋል። ቆርጣችሁ ከመጣላችሁ በፊት ሥራውን በሁለት እጃችሁ ዘርግታችሁ ሳቡት፤ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት ማወቃችሁ መልካም ነው።

የአንገት ልብስ የምትሠሩ ግን ከዚህ ድካም ትድናላችሁ። በረጅሙ ጎን እየሠራችሁ እያንዳንዱን ረድፍ በአዲስ ክር ከቀኝ ጫፍ በቋሚ ስፌት ጀምሩ፣ በግራ ጫፍ ቆርጣችሁ ዝጉ፣ ሳትገለብጡ እንደገና ከቀኝ ጀምሩ። በሁለቱም ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ጭራ ተዉ። ሥራው ሲያልቅ ጭራዎቹን ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ስትቋጥሯቸው ዘርፍ ይሆናሉ። ሁሉም ረድፍ በአንድ ፊት ስለሚሠራ በቀለሞቹ መገናኛ ላይ የሚታየው የተነካካ ነጠብጣብም አይኖርም።

ክሩ ካልተቆረጠስ?

ቋሚ ስፌት የሚሠራው አዲስ ክር ሲጀመር ብቻ ነው። በአንድ ቀለም ሥራውን እየገለበጣችሁ የምትሄዱ ከሆነ ክሩ አስቀድሞ የተያያዘ ስለሆነ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። የምወደው አጭርን በአጭር ላይ መደራረብ ነው። ሥራውን ገልብጡና ምንም ሰንሰለት ሳትሠሩ በመጀመሪያው ስፌት ላይ አንድ አጭር ስፌት ሥሩ። ከዚያ ኪሮሹን አሁን በሠራችሁት ስፌት በግራ በኩል ባለችው ቁም መስመር ውስጥ አስገብታችሁ ሁለተኛ አጭር ስፌት በላዩ ላይ ሥሩ። ሁለቱ ተደራርበው የአንድ ረጅም ስፌት ቁመት ይኖራቸዋል፣ እንደ አንድም ይቆጠራሉ። በቀጣዩ ረድፍ መጨረሻ ላይ ስትመለሱ የላይኛው አናት ላይ ሥሩ።

ሌላው ዘዴ ቀለበቱን መጠምጠም ነው። ኪሮሹ ላይ ያለውን ቀለበት እስከ ረጅም ስፌት ቁመት ድረስ ሳቡት፣ አናቱን በጠቋሚ ጣት ተጫኑ፣ ከዚያ ኪሮሹን ራሱን በዚያ በረዘመው ቀለበት ዙሪያ አንድ ጊዜ አዙሩት፤ የቀለበቱ እግር የጥምጥሙን ቦታ ይይዛል። በመጀመሪያው ስፌት አስገቡ፣ ክሩን ሳቡ፣ በሁለት ዝጉ፣ እንደገና ጠምጥማችሁ የቀረውን ሁሉ ዝጉ። ለስላሳ የሱፍ ክር ላይ ይህኛው ከተደራረበው ይልቅ ያምራል፤ በሚንሸራተት የጥጥ ክር ላይ ግን ቀለበቱ ሳይታሰብ ስለሚረዝም ተደራራቢውን እመርጣለሁ። ሁለቱንም በዚያው በ20 ስፌቱ ቁራጭ ላይ፣ አንዱን በቀኝ ጠርዝ ሌላውን በግራ ጠርዝ፣ አምስት አምስት ረድፍ ሞክራችሁ ጠርዞቹን በጣታችሁ ዳስሱ፤ ለያዛችሁት ክር የትኛው እንደሚሻል ያኔ ይለያል።